ለማርቆስ ፀሐይና ለቢቸና አቧራ የትኛው የመኪና ሰም ይሻላል?

የማርቆሱ መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረውም የማስተምረውም ደብረ ማርቆስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የተሠራች ጥቁር ሰማያዊ ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። እናቴ ከቢቸና ወጣ ብላ ገጠር ስለምትኖር በየጊዜው እመላለሳለሁ፤ የመጨረሻው መንገድ አፈር ነው፣ በበጋ ስመለስ የመኪናዋን ቀለም ለማወቅ በጣት መጥረግ ያስፈልጋል። የምታድረው ግቢ ውስጥ ቢሆንም ጣራ የለውም። ከአጥሩ ማዶ የቆመው የጎረቤት ባሕር ዛፍ ደግሞ የሚጥለውን ሁሉ ይጥልባታል።

ጎኗ ደኅና ነው። ኮፈኗና ጣራዋ ግን ፈዘዋል፤ ታጥባ እርጥብ ሳለች ታምራለች፣ ስትደርቅ ወደ አመድማነቷ ትመለሳለች። የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ እኔ ከመግዛቴ በፊት እንደገና ተቀብቷል፤ የማለዳ ፀሐይ በጎን ሲያገኘው ከበሩ ጋር አይመሳሰልም።

ክረምቱ ሳይገባ ሰም ልቀባት አስቤ ስጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነገረኝ። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ወዳጄ በክብ ቆርቆሮ የሚመጣ የካርናውባ ሰም ልላክልህ ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ያ ጊዜው አልፎበታል፣ በፈሳሽ የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ግዛ ይላል። ባሕር ዳር ሴራሚክ የሚባለውን ጠንካራ የቀለም መሸፈኛ የሚቀቡ አሉ ተብዬ ዋጋውን ባስጠይቅ ከወር ደመወዜ በላይ ሆነብኝ። ደጋ ዳሞት ያሉት አጎቴ ደግሞ ንብ አናቢ ናቸው፤ “ቤት ሙሉ ሰም እያለ ገንዘብ የምታወጣው ምን ሆነህ ነው? በነጭ ጋዝ አቅልጠህ ቀባት” ብለው ሳቁብኝ።

የትኛውን ልያዝ? በተለይ ሥራው ላይ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።


የፍኖተ ሰላም ሹፌር፦

ወንድሜ፣ ነገሩን አታክብደው። እኔ የምይዘው የጭነት መኪና ነው። ታጥቦ ሲደርቅ ካቢኑን ናፍጣ በነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ አብሰዋለሁ፤ ያንጸባርቃል፣ ውኃም አይቆምበትም። ለሰም የምታወጣውን ለጎማ ብታውለው ይሻልሃል።


ቀለም ቀቢው፣ ከባሕር ዳር፦

መምህር፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ ስለማልቀር አንተ ልበልህ። ሹፌሩ ወንድማችንም አይቀየመኝ፤ ናፍጣውን ግን ከመኪናህ አርቀው። ናፍጣ የሚያበራው ዘይት ስለሆነ ነው፤ ዘይት ደግሞ አቧራ ጠርቶ ያስቀምጣል። ቢቸና ደርሰህ ስትመለስ አፈሩ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ይደርቅና በሚቀጥለው እጥበት ያንን ስትፈትግ ቀለሙን አብረህ ትፈትጋለህ። የበሩንና የመስታወቱን ዙሪያ ጎማም ያሳብጠዋል። የጭነት መኪና ላይ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ላይ ግን የማይታይ ነገር የለም።

ስለ ሰሙ ከመናገሬ በፊት ቀለምህን ልወቀው። ኮፈኑን አጥበህ አድርቅ፤ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ጥቂት የሚፍቅ ፖሊሽ (ኮምፓውንድ) አድርገህ ከመዳፍ በማይበልጥ ቦታ እሸው። ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ከላዩ ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ልባስ፣ የሌለው ቀለም ነው፤ ኮፈኑም እንደ ፓራፋንጎው በኋላ ተቀብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀለም ካልያዘ ክሊር አለው። የፋብሪካ ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ ክፍል ቢሆን ነው። መኪናዋን እስክትሸጣት ድረስ የምትጠብቀው ያችን ስስ ነገር ነው። ቀጥለህ ጣራውን በጥፍርህ ዳስሰው፤ በተለይ የፈዘዘው ከደኅናው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ። ክሊሩ እየተነሣ ከሆነ የዓለምን ሰም ሁሉ ብትቀባው አይመለስም፤ ቦታው የእኔ ቤጤ ዘንድ ነው።

ክሊሩን የሚበላው ፀሐይ ነው። ወደ ከፍታ በወጣህ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በየ1000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ናት፤ ብርዷ ያታልላል እንጂ ፀሐይዋ ከእኛዋ ከባሕር ዳሯ ትብሳለች። ኮፈንና ጣራ ቀድመው የሚሞቱት ፊት ለፊት ስለሚቀበሏት ነው፤ ጎኗ ደኅና መሆኑ አልገረመኝም። ሰም ደግሞ ጨረሩን የሚከለክለው በጥቂቱ ብቻ ነው። ጨረሩን የሚይዘው በክሊሩ ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው። ሰሙ የሚያገለግልህ የወፉ ኩስ፣ የዛፉ ሙጫ፣ ጭቃውና ውኃው ከክሊሩ ሳይደርሱ በላዩ እንዲቀሩ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ውዳሴ እንዳለ እንዳትቀበለው ብዬ ነው።

አሁን ወደ አጎትህ። ማራቸውን ቢልኩልኝ በደስታ እቀበላለሁ፤ ሰማቸው ግን ለጧፍ ይሁን። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ጥቁር ሰማያዊ ኮፈን በሚያዝያ እኩለ ቀን ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ከላይ ፀሐይ ከታች ሞተር እየነደደበት፣ ወደዚያ ቢጠጋ የሚደነቅ አይደለም። ከመቅለጡ በፊት ደግሞ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ሰም አቧራ ይጠጣል። ነጭ ጋዙ ተንኖ ሲያልቅ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር ይቀርሃል፤ እሱን ለማስለቀቅ ደግሞ እንደገና ነጭ ጋዝ ትፈልጋለህ።

ካርናውባ ሌላ ነገር ነው። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ሲሆን የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ብቻውን እጅግ ደረቅ ስለሆነ በጨርቅ አይቀባም፤ በቆርቆሮ የምታገኘው በዘይትና በማሟሟያ የላላውን ነው። “መቶ በመቶ ካርናውባ” ብለው ቢጽፉበት እንኳ ውስጡ የገባው ካርናውባ ንጹሕ ነው ለማለት እንጂ ቆርቆሮው በሙሉ ካርናውባ ነው ማለት አይደለም። ውበቱን አልክድም። ጥቁር ቀለም ላይ ጥልቀት ይሰጣል፤ ለሠርግ የሚሄድ መኪና ሲመጣልኝ የምቀባው እሱን ነው። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ግን ብዙ አይቆይም። በደጅ ለምታድርና አፈር ላይ ለምትውል መኪና ከሁለት ወር በላይ አልጠብቅበትም።

ሲላንት የሚሉት ሰው ሠራሹ ከፖሊመር የተሠራ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይሄዳል፤ ከተቀባ በኋላ ደርቆ ስለሚጠነክር አቧራው ይቀመጥበታል እንጂ አይለጠፍበትም፣ በውኃም በቀላሉ ይወርዳል። መልኩ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ካርናውባ የለመደ ዓይን መጀመሪያ ላይ ይከፋዋል። አንተ ግን የምትፈልገው ክረምቱን የሚያሻግርህ ነገር ነው። ባልደረባህን ስማው።

ሴራሚኩ መጥፎ አይደለም። መሠረቱ ሲሊካ ነው፤ ከክሊሩ ጋር ተያይዞ በአግባቡ ከተሠራ ዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ከሥሩ ያገኘውን ሁሉ፣ ጭረቱንም ፍዘቱንም፣ እንዳለ አሽጎ ያስቀምጠዋል። የሚያስከፍልህ ለጠርሙሷ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ድካም ቀለሙን አስቀድሞ ማስተካከሉ ነው። ክሊሯ ለሚያጠራጥር መኪና የወር ደመወዝ አላስወጣህም።

ስለ ሱቁ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ቁጣዬን ታገሡኝ። ሻጮቻችን ኮምፓውንዱንም፣ ሰሙንም፣ የዳሽቦርድ ማብሪያውንም “ፖሊሽ” ብለው ያቀብሉሃል። ኮምፓውንድ ይፍቃል፣ ሰም አይፍቅም፤ ጀርባውን አንብበህ ያዝ። ዳሽቦርድና ጎማ የሚያበሩበትን ሲሊኮን ደግሞ ቀለም ላይ እንዳታደርሰው። ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ አዲስ ቀለም ሲረጭ ቀለሙ ከዚያች ነጥብ ወደ ዙሪያው ይሸሽና የምስር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ትከፈታለች፣ ከሥሯ አሮጌው ቀለም ይታያል። አንዷን ስትደፍናት ከጎኗ ሌላዋ ብቅ ትላለች። አስቀድሞ በማስለቀቂያ ካልተጠረገ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀቱ ራሱ ከቦታ ቦታ ያዳርሰዋል። ጠዋት የረጨሁትን በር ከሰዓት በኋላ መልሼ ስፍቅ ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ “ምንም የቀባሁት ነገር የለም” ይለኛል፤ በተከፈተው በር በኩል ከመቀመጫው ሥር የሚረጨው ጣሳ ይታየኛል።

እጥበቱን ካላስተካከልህ ሰሙ ብቻውን ዋጋ የለውም። ላቫጆ ስትገባ ልጁ በስፖንጁ ጎማውን ፈትጎ በዚያው ወደ ኮፈኑ ሲወጣ ዝም አትበለው። የቢቸና መረሬም ሆነ የቡሬ ቀይ አፈር ደቃቅ አሸዋ አለበት፤ ኮፈንህ ላይ በፀሐይ ክብ ክብ ሆነው የሚታዩትን ጭረቶች የሚሠራው እሱ ነው። መጀመሪያ ውኃ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አፈሩ ራሱ እስኪወርድ። ከዚያ በሁለት ባልዲ፤ በአንዱ ሳሙናው፣ በሌላው ጨርቁን የምታለቀልቅበት ውኃ። የልብስ ዱቄት ሳሙናም ሆነ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሰሙን ይዞት ይሄዳል። የመኪና ሻምፖ ካጣህ ውኃ ብቻውን ይበቃሃል።

ከታጠበ በኋላ እጅህን በስስ ፌስታል ሸፍነህ ኮፈኑን ዳስሰው። ከሻከረህ ቆሻሻ ሥር ሰዷል ማለት ነው። ዓባይን በወረድህ ቁጥር ከፍሬን የሚነሣው የብረት ብናኝ እየጋለ መጥቶ ይተከልበታል፤ ነጭ መኪና ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ሆኖ የምታየው እሱ ነው። ክሌይ ባር የሚባል ተለጣጭ ነገር አለ፤ በሳሙና ውኃ እያራስህ ስታንሸራትተው ያነሣልሃል። መሬት ላይ ከወደቀ ግን ጣለው፤ አሸዋ ይዞ ይነሣል።

ሰሙን ስትቀባ በማለዳ፣ ጥላ ውስጥ፣ ኮፈኑ ለመዳፍ ሲቀዘቅዝ ይሁን። እጅግ ስስ አድርገው፤ ያወፈረ ሰው የሚያተርፈው የመጥረግ ድካም ነው። ብዙዎቹ ሲላንቶች ከተቀቡ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዶቹም እስከ ማግሥቱ፣ ውኃ እንዲነካቸው አይፈልጉም። ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ ጨርሰው።


ከእንጅባራ፣ ባለ ነጯ ቪትዝ፦

ጋሼ፣ የተናገሩትን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ ስለ ሴራሚኩ ግን በእንጅባራ ዓይንም ይዩልኝ። እኛ ዘንድ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ሰሙ አልቆ እንደገና ልቀባ ብል ሁለት ደረቅ ቀን ተከታትሎ አይገኝም። ሌላው ከሰሉ ነው። በአዊ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ብዙ ገበሬ አካሻ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ለኑሯቸው ጠቅሟቸዋል፣ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን በዚያ አካባቢ ካደርሁ ጠዋት ቪትዟ ላይ ጤዛው ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ይጠብቀኛል። በሰም ዘመኗ ያ ጥላሸት በጨርቅ ካልታሸ አይለቅም ነበር፤ ማሸቱ ደግሞ ጭረት ነው። ሴራሚክ ካስቀባኋት ወዲህ በውኃ ብቻ ይወርዳል።

እውነቱን ለመናገር የእኔዋ ስትቀባ ቀለሟ ገና ምንም አልሆነም ነበር፣ የምታድረውም ቤት ውስጥ ነው። መምህሩ ለያዟት መኪና እኔም አልመክርም። የወፍ ኩስ ደግሞ ሴራሚክ አለ ብሎ አይተውም። ባሕር ዳር ስመጣ ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር አቁሜ ውዬ አንድ ጊዜ ቀርቶብኛል። እርጥብ ጨርቅ አልብሶ እስኪርስ መተው እንጂ በደረቁ መፋቅ አያስፈልግም።


ቀለም ቀቢው፣ ከባሕር ዳር፦

እኅቴ፣ በዚህ አልከራከርሽም። ቀለሟ አዲስ፣ ማደሪያዋ ጣራ ያለው፣ አገሩ ዝናባም ከሆነ ሴራሚክ ገንዘቡን ያወጣል። የኩሱ ነገር ልክ ነሽ፤ ውስጡ ያለው አሲድ ፀሐይ ያለሰለሰውን ክሊር ይበላዋል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ጠባሳው እዚያው ይቀራል። ሐይቁ ዳር ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር የሚያቆም እንግዳ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ለእኔ ሥራ ይቀንስብኛል።


የማርቆሱ መምህር፦

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ኮፈኑ ጨርቁን አላቀለመውም። ፓራፋንጎው ሰማያዊ ሰጠኝ። ጣራው ላይ ግን ከአንቴናው ኋላ ያለው ጠርዝ በጥፍር ይነሣል፤ ቅርፊቱ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ደርቆ ዱቄት ሆኗል። ኮፈኑ በፌስታል ሲዳሰስ ይሻክራል።

ጣራውን አሁኑኑ ላስቀባው ወይስ ክረምቱ ይለፍ? የባሕር ዛፉን ሙጫስ በምን ላስለቅቀው? ጎረቤት በቲነር ጥረገው ብሎኛል።


ቀለም ቀቢው፣ ከባሕር ዳር፦

ቲነሩን ለጎረቤትህ መልስለት። ክሊር የሌለው ፓራፋንጎ ላይ ካሳረፍኸው ቀለሙን ፈትቶ ጨርቁ ላይ ያወጣልሃል። ለሙጫው ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ይበቃል፤ በጨርቅ አርሰህ ላዩ ላይ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጠው፣ ሲላላ በቀስታ አንሣው፣ ቦታውን እጠበው። አልኮሉ ሰሙንም ስለሚያነሣ እዚያች ላይ ሰም ድገም። ከጎረቤትህ ጋር ከተስማማችሁ ደግሞ ከዚያው ዛፍ አራት ቋሚ አስቆርጠህ ቆርቆሮ አልብሰውና መኪናዋን ከሥሩ አቁማት። ከየትኛውም ሰም ይበልጥልሃል፤ ቀልድ አይደለም።

ጣራውን ክረምቱ ይለፍ። ክፍት ግቢ ውስጥ በሐምሌ እርጥበት የሚረጭ ክሊር ጭጋግ ይይዛል፣ ማሞቂያ ክፍል ያለው ጋራዥ ካላገኘህ በቀር አትቸኩል። ጥቅምት ላይ አስቀባው። እስከዚያ የተነሣውን ቅርፊት አትላጠው፣ በላዩም ምንም አትቀባ፤ ቀቢህ ንጹሕ ሆኖ ቢያገኘው ይመርቅሃል። የሚቀባህ ሰው ከተነሣው ቦታ ላይ ብቻ ልርጭልህ ቢልህ እሺ አትበለው። ክሊር በመሐል ጣራ ላይ ሲቆረጥ ጠርዙ ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል፤ ጣራው ሙሉ ይፈቅ፣ ሙሉ ይቀባ። ከተቀባ በኋላ ማሟሟያው ተንኖ እስኪያልቅ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሰም አይንካው፤ ቀለሙን ያመረተው የሚለው ካለ እሱን ተከተል።

ኮፈኑ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ክሊሩ አለ፣ የፈዘዘው ከላይ ነው። ክሌይ ባሩን አዙርበት፣ ከዚያ ደቃቁን ኮምፓውንድ በእጅ። የፖሊሽ ማሽን ለማያውቅ ሰው አትስጥ፤ በኮፈኑ ጠርዝ በኩል ክሊሩ ስለሚሳሳ በደቂቃ ውስጥ ይበሳል። ከዚያ ሲላንቱን ቀባ። ፓራፋንጎውን ግን ኮምፓውንድ አታብዛበት፤ ጨርቁ ላይ የምታየው ሰማያዊ ራሱ ቀለምህ ነው። ጥቂት አሽተህ ያንኑ ሲላንት አልብሰው። ከበሩ ጋር አለመመሳሰሉ በሰም አይስተካከልም፤ ጣራውን ስታስቀባ አብሮ ይታይ።


የፍኖተ ሰላም ሹፌር፦

ጋሼ፣ ተቆጡን እኮ። ይሁን፣ ናፍጣውን ልተው። ለካቢኑ እኔም ያንኑ ሰው ሠራሽ ልቀባ? አሁን ባለበት ላይ ይይዛል?


ቀለም ቀቢው፣ ከባሕር ዳር፦

ባለበት ላይ አይዝም። ዘይቱ መውጣት አለበት። ለመምህሩ የከለከልሁትን ለአንተ እፈቅዳለሁ፤ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ለብ ባለ ውኃ በጥብጠህ ካቢኑን ሁለት ጊዜ እጠበው። የሚወርደው ውኃ መሬት ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ናፍጣው አልወጣም፣ ድገመው። የበሩን ጎማ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ ላልቶ ከሆነ ይቀየር፣ ዝናቡ መጣ። ከዚያ ሰው ሠራሹን ቀባ፤ ለጭነት መኪና ካቢን አንዱ ጠርሙስ ከአንድ ጊዜ በላይ ይበቃሃል።